ውረጂ የተባለች ባለ በቅሎ

ይመኙሽን በሩቁ የሚያውቃት ሰው፣ ጨዋ የካህን ሚስት ናት ይላችኋል። ጨዋስ ጨዋ ናት፤ የልጇን ነገር እስካላነሱባት ድረስ ነው። እኔ አጥር የምንጋራ ጎረቤቷ ነበርኩና ያላዩት ሲያወሩ ዝም ብዬ መስማት አይሆንልኝም።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ ገና በጥቂት ዓመቱ ነው። ይመኙሽ ጎንደር አራዳ፣ ከደብራችን ግርጌ፣ ከባሏ ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ ጋር ትኖራለች። ያለቻቸው ልጅ አንድ አምሳል ናት። አምሳል ድክ ድክ ስትል ትኩሳት ጣላት፤ ሲለቃት እግሯን ይዞት ሄደ። ያኔ የሰፈሩ አፍ ተከፈተ። መሪጌታ አስማት ሲደግሙ አቋርጠው ነው፣ መንፈሱ በልጃቸው ተበቀላቸው አሉ። ምን የማይባል አለ። መሪጌታም አንገታቸውን ደፉ፤ እንግዳ ሲመጣ ልጅቱ ጓዳ እንድትገባ አዘዙ።

ይመኙሽ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጇን አቅፋ ታወጣና መደቡ ላይ፣ ከእንግዳው ፊት ለፊት ታስቀምጣታለች። «ልጄ አምሳል ናት፤ ሰላም በሏት» ትላለች። ሰላም ላላላት ሰው ጠላ አይቀዳለትም። የገዛ አጎቷን ልጅ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ሸኝታዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አምሳል ፊደል ለመቁጠር ደረሰች። እኩዮቿ ደብሩ ግቢ፣ ከየኔታ ሐብተ ማርያም ዘንድ ይማራሉ። እሷ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድምፃቸውን እየሰማች ከሩቅ አብራ ትላለች። ይመኙሽ አዝላ ልትወስዳት ብትል አምሳል እምቢ አለች።

«ታዝዬ ከገባሁ ሕፃን ናት ብለው ይስቁብኛል። አልሄድም።»

የእናትና የልጅ እልኻቸው አንድ ነው።

በማግስቱ ይመኙሽ የሙሽርነቷን ኮርቻ ከቆጥ አወረደች። ከድብ ባሕር ተድራ ስትመጣ የተቀመጠችበት ነው፤ በቅሎዋን የጦርነቱ ዘመን በላት፣ ኮርቻው ቀረ። ተሸክማው ከአናጢው ከአያ ዳኛው ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አያ ዳኛው፣ ለዚህ ኮርቻ በቅሎ ሥራልኝ» አለችው።

«ምኑን ከምን ልሥራው?»

«ከእንጨት ነዋ። ከሥሯ የምትሽከረከር፣ ዝቅ ያለች፣ የልጄ እግር መሬት የሚነካባት።»

አያ ዳኛው ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ሠራ። ያንን ሸጋ ኮርቻ በልጅቱ ልክ ሲቆርጠው እኔ ፊቴን አዞርኩ፣ ይመኙሽ ግን ቆማ አየች። ጣልያን ጥሎት ከሄደ ስብርባሪ ማኪና ኩሽኔታ አውጥቶ መሽከርከሪያ አደረገላት። ብቻ ጆሮዋን አሳጥሮ ፈረስ አስመሰላት። ይመኙሽ ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«በቅሎ ነው ያልኩህ። ፈረስ ለጉግስ ነው። የኔ ልጅ እንደ እመቤት ነው የምትሄደው» ብላ መለሰችበት። አያ ዳኛውም ለበቅሎዋ ረዥም ጆሮ ሠራላት። ከዚያ ወዲያ ያችን ነገር «አሻንጉሊት» ብሎ የጠራ ሰው ከይመኙሽ አፍ አይድንም፤ «በቅሎ» ማለት አለበት።

መጀመሪያ እኛ ነበርን የምንገፋት። አንድ ቀን የአምሳል የእግር ጣት መሬቱን ቧጠጠ። እናቷ ይህን ስታይ መግፋቷን ተወች። ልጅቱ አለቀሰች፤ እኔም አልቅሼ ይመኙሽን ጨካኝ አልኳት።

«እኔ ስሞት አንቺ ትገፊያታለሽ?» አለችኝ።

አምሳል እያለቀሰች ቧጠጠች፤ እየዋለ እያደረ ለቅሶው ቀረና ቡጠጣውም እግሯም በረታ። ክረምቱ ሲወጣ ከግቢ አልፋ መንገዱን ለመደችው። ኩሽኔታው ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። መሪጌታ ሳይቀሩ በር ላይ ወጥተው ያዩ ጀመር። ጓዳ ግቢ ማለትም ቀረ።

እንግዲህ ትምህርት የምትገባበት ቀን ደረሰ። ሦስታችን ደብሩ በር ስንደርስ የኔታ ሐብተ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«በደብር ፊት በቅሎ ላይ ተቀምጦ አይታለፍም። ደጃዝማች እንኳ ይወርዳል። ትውረድ» አሉ።

ሥርዓቱስ ሥርዓት ነው፤ በእኛ አገር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሶ የማይወርድ የለም። ይመኙሽ ግን ደሟ ፈላ።

«ምነው የኔታ፣ ይኼ እንጨት አይደል እንዴ? በቅሎ ነው?»

«አንቺ አይደለሽ አገሩን በቅሎ በሉ ስትይ የከረምሽው? ጆሮዋን እንኳ ያስረዘምሽው አንቺ ነሽ አሉ። በቅሎ ከሆነች ትውረድ። እንጨት ናት ካልሽ መጫወቻ ናት፤ መጫወቻ ደግሞ ደብር አይገባም። እዚያው ትመለስ።»

በገዛ አፏ ተያዘች። ልጆቹ ከግቢው ተሰብስበው ያያሉ። ያን ቀን ብትመለስ አምሳል ዳግመኛ ከቤት እንደማትወጣ እኔም አውቃለሁ፣ እናቷም ታውቃለች።

«የያዙትስ ምንድን ነው?» አለች ይመኙሽ።

«መቋሚያ ነዋ።»

«ከምን የተሠራ?»

የኔታ መቋሚያቸውን ቁልቁል አዩት።

«እርስዎ በእንጨት ተደግፈው ማሕሌት ሲቆሙ እግዜር አልተቆጣም። ይቺም ለልጄ መቋሚያዋ ናት።»

«አንቺ ሴት፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሻል።»

«በእንባ ስታጠብ የት ነበሩ?»

እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ለየኔታ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይኼኔ አምሳል የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማ፣ ተይ። በቅሎ ናት። እወርዳለሁ።»

ይመኙሽ ልታቅፋት ስታጎነብስ እጇን ገፋችባት። ኮርቻውን በሁለት እጇ ጨበጠች፣ አንድ እግሯን አሻገረች፣ ቆመች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብላ የበሩን መቃን ተሳለመች። ከዚያ ሰው ወርዶ በቅሎውን እንደሚነዳ፣ ኮርቻዋን እንደያዘች በቅሎዋን ፊት ፊት እየገፋች በእግሯ ገባች። ከደፉ አልፋ በጉልበቷ ወደቀች። ይመኙሽ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች እንጂ አላነሣቻትም። አምሳል ኮርቻውን ይዛ ተነሣች። የኔታ መቋሚያቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት።

ይመኙሽ ግን ቤት እስክንመለስ ድረስ ከየኔታ ጋር የጀመረችውን ክርክር ብቻዋን ትቀጥል ነበር። በማግስቱ ውኃ ስንቀዳ አንዲት አፈኛ አገኘችንና፣ «ልጅሽን የኔታ በሰው ፊት ውረጂ አሏት አሉ። ምነው እንዲህ አዋረዷት?» አለቻት።

ይመኙሽ እንስራዋን አስቀመጠች።

«ምን ውርደት አለው? በቅሎ የሌለውን ሰው ማን ውረድ ይለዋል?»