ቢላ ያነሳሁበት ገና

ዶሮው የሚያድረው አልጋችን ሥር ነበር። ለበዓል ዋዜማ የሚሸጥ ዶሮ ለእኛ ቢጤ ተማሪ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ በመስከረም ገና ከእናቱ የተለየ ጫጩት ገዛን፤ ለገና ይደርስልናል ብለን። እኛ በጾሙ ሽሮ እየላስን፣ ከምንበላው እንጀራ ለእሱ እየፈረፈርን አሳደግነው። ለፈተና ይቀሰቅሰናል ብለን ተስፋ አድርገንበት ነበር፤ እሱ ግን የሚጮኸው ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገን ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ እንኳ ላባው በወጉ ያልሞላ፣ እግሩ ብቻ የረዘመ ኮሳሳ ነበር። ጠላሁት ማለት እችላለሁ፤ ከሁለታችን በተሻለ ይበላ ነበርና።

ሁለታችን ስል እኔና የክፍል ጓደኛዬ ማለቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ግቢ ጓሮ ያለች የጭቃ ክፍል ተከራይተን አሥራ አንደኛ ክፍል እንማራለን። እሷ ከመርጡለ ማርያም የመጣች፣ ጸሎቷን የማታስታጉል ልጅ ናት። እኔ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነኝ፤ ስለ ጸሎቴ ባይወራ ይሻላል።

ያን ጊዜ ስልክ በኪስ የሚያዝ ነገር አልነበረም፤ ወሬ የሚመጣው በገበያተኛ አፍ ነው። ከገና በፊት አንዲት የሰፈራችን ሴት ስንቄን አደረሰችልኝና በር ላይ ቆም አለች።

«አባትሽ የገና ለት ይመጣል» አለችኝ። «ሽማግሌ ልከው ጠይቀውሻል። ኑሮሽ ኑሮ ሆኖ ካገኘው ትማሪያለሽ። እንደ ውሻ ስትንከራተች ካገኘሽ ግን ይዞሽ ይመለሳል፤ ከጥምቀት ማግስት ሠርግሽ ነው።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። አባቴ የገናን ዕለት የመረጠው ፍቅር ይዞት አልነበረም፤ ወቅቱ የውቂያ ነው፣ ከአውድማው ሊለይ የሚችለው ሥራ በማይሠራበት ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አባቴን አውቀዋለሁ። ደብተር አያይም፣ ማንበብ አይችልም። የሚያየው ሌማት ነው። በበዓል ቀን የዶሮ ወጥ ያለበት ቤት ኑሮ ነው፤ የሌለበት መንከራተት ነው። እንግዲህ ያ ኮሳሳ ዶሮ ትምህርቴን ተሸክሞ አልጋ ሥር ተኝቷል ማለት ነው።

ዶሮ ግን ይታረዳል፤ የሚያርደው ደግሞ ወንድ ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጎልማሳ ይሁን ሽማግሌ፣ ሱሪ የታጠቀ ወንድ ቢላውን ይዞ ካልባረከው ሥጋው አይበላም። በእኛ ክፍል ውስጥ ሱሪ የታጠቀ ስላልነበረ አከራያችንን ለመንነው። አከራያችን ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከቀበቶው የሚቀድም፣ ሳቁ ከመንገድ የሚሰማ ሰው ነበር። በዋዜማው ሚስቱ ቤት ጥረጉልኝ፣ ዕቃ እጠቡልኝ ብላን ነበር፤ ፈተና ደርሶብናል ብለን እምቢ አልናት። ሴትዮዋ ቂም አልያዘችም፣ ድስቷን አውሳናለች። ቂሙን የያዘው እሱ ነው።

«በጠዋት አምጡት፣ እባርክላችኋለሁ» አለን እየሳቀ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እኔ ዶሮውን ጓደኛዬ ቢላውን ይዘን በረንዳው ሥር ቆምን። እሱ የራሱን በግ አረደ፣ ገፈፈ፣ ሰቀለ። እኛ ቆመናል። እጁን ታጠበ። ካራውን በቄጠማ ጠረገና ወደ እኛ ዞረ።

«እናንተ ፈተና አለባችሁ አይደለም እንዴ?» አለ። «ግቡና አጥኑ!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቅርጫው ሄደ፤ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር በሬ ተቃርጠው ነበርና። ጓደኛዬ ይመለሳል አለችኝ። እኔ እንደማይመለስ ከሳቁ አውቄዋለሁ።

የግቢው በር ላይ ወጥተን ቆምን። እንዲህ ዓይነት ልመና ነውር የለውም፤ ባል የሞተባት ሴት ሁሉ በበዓል ጠዋት ደጇ ላይ ዶሮዋን አንጠልጥላ አላፊ ወንድ ትጠብቃለች። ወንዶቹ ግን ያን ዕለት ወደ ሥጋቸው ይቸኩሉ ነበር። አንዱ «ስመለስ» አለ። አንዱ ሰላምታችንንም አልመለሰም። ሦስተኛው ቆመልን፤ ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥሎ መዘነው።

«እህቶቼ፣ ይኼ ከመታረዱ በፊት ይቀለብ» አለና መልሶ አስታቀፈኝ። አብሮት ያለው ሰው በሳቅ ተንከተከተ።

ፀሐይዋ እየጠነከረች ሄደች። ውስጥ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ዶሮ ብቻ የሚጠብቅ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። አባቴ መጥቶ ራሱ ቢያርደውስ ትሉ ይሆናል፤ ጓደኛዬም ያለችው ይህንኑ ነው። ከመኪና የወረደ እንግዳ ቢላ ሊቀበል? «ቤቴ ወንድ የለም፣ ጎረቤቴ አያውቀኝም፣ ዶሮዬም ጥሬ ነው» ብዬ ልቀበለው? ከዚያ የሚቀረኝ ሻንጣዬን መሸከፍ ነው።

«ቢላውን አምጪው» አልኋት።

«ኧረ በማርያም! አይበላም እኮ!»

«እግሩን ያዥው፤ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። ከጓሮ ገብተን ክንፎቹን በእግሬ ረገጥሁ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ፣ በስመ አብ አልሁና አረድሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰነዘርሁት። ሰማይ አልተደረመሰም። ዶሮው እንደ ማንኛውም ዶሮ ተንፈራገጠና ቀረ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። መንጨቱ፣ መለብለቡ፣ ብልት ማውጣቱ፣ አጥንት ከአጥንት መለያየቱ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት አስተካክላ የማታወጣ ሴት እንዲያውም ባል አታገኝም ይባላል። ቢላው ሁሉ በእጃችን ሆኖ ያች አንዲት የአንገት መስመር ብቻ የወንድ ናት። ማን እንደ ደለደለው አላውቅም፤ ሲደለድል ግን ሴት አልጠራም።

ወጡን ሠራሁ። ሽንኩርታችን ትንሽ ስለነበር እንዲወፍር ሽሮ ጣል አደረግሁበት። ጓደኛዬ ጥግ ተቀምጣ ዳዊቷን ትደግማለች። ለማንም እንዳትናገር አስምያታለሁ።

አባቴ እኩለ ቀን ላይ ከአማኑኤል በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ዱላውን በር ላይ አቁሞ ገባ። አልጋውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ውኃ ያለበትን ጀሪካን አየ። ደብተሮቼን እንዳልሁት አላየም። ሌማቱን ስከፍተው ግን ትከሻው ረገብ አለ። ፈረሰኛውን አወጣሁለት፤ የቤት አባወራ የሚበላውን ብልት። እንቁላሉንም አከልሁበት። በዝምታ በላ፤ አባቴ ሲጣፍጠው አያወራም።

«የእናትሽ እጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔማ ስትራቢ ነበር የመሰለኝ። ይኼ ኑሮ ነው። ለሽማግሎቹ ትቆይ ብየ እመልሳለሁ።»

ይህን ከአፉ ስሰማ እንባዬ መጣ። ጓደኛዬን አየኋት፤ እሷም ፈገግ ብላለች። ይህ ገና እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

አከራያችን የአረቄ ጠርሙስ ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ «የተማሪ አባት መጥቷል አሉኝ!» እያለ ገባ። አባቴ ጨዋ ነው። ብድግ አለ፤ ጉርሻውን በጉንጩ እንደያዘ በሁለት እጁ እጅ ነሳ።

«እርስዎ ባይኖሩ ልጄ ምን ይውጣት ነበር» አለው። «ዶሮዋን ባርከውላት፣ በዓልዋን በዓል አድርገውላት። እጅዎ ይባረክ።»

አከራዩ ሌማቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሳቁ ከሆዱ ሲነሳ ይታየኛል።

«የቱን ዶሮ? እኔ አልባረክሁም ጌታዬ! ጠዋት እንደወጣሁ አሁን መመለሴ ነው። ማን አረደላችሁ እናንተ?»

«መንገደኛ» ማለት ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ያን ጊዜ መዋሸት አልተማርሁም፤ ያ ሳቅ ደግሞ ደሜን አፈላው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አባቴ አልጮኸም። አፉ ውስጥ ያለውን በመዳፉ ተፋ፣ በሩ ላይ ወጥቶ ውኃ አስመጣና ተጉመጠመጠ፤ ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ጓደኛዬ፣ ዶሮውን በሁለት እጇ የያዘችልኝ ልጅ፣ ገና አሁን እንደ ሰማች አማተበች። «ወይኔ! እኔስ ሳልቀምሰው እግዜር አወጣኝ» አለች። አከራዩ ጠርሙሱን ታቅፎ ያያል። እንዲህ ያለ ድግስ ከቅርጫው አላገኘም።

አባቴ ዱላውን አነሳ። ይዞኝ የሚሄድ መስሎኝ ጫማዬን ፈለግሁ።

«ተቀመጭ» አለኝ። «ቢላ ያነሳች ልጅ ለሰው ቤት አልሰጥም። በየት አፌ! አንች እንግዲህ ተማሪ። ሌላ ምን ትሆኛለሽ።»

የለመንሁትን ሰጠኝ ማለት ነው። ለውሻ አጥንት እንደሚወረወር ወርውሮ ሰጠኝ። የግቢው በር ድረስ ልሸኘው ስከተለው በዱላው ጫፍ ወደ ኋላ መለሰኝ። የአከራዩ ሚስት መጥታ ድስቴ ረከሰ፣ አሁኑኑ ባዶ አድርገሽ ስጭኝ አለች። ወጡን በልብስ ማጠቢያ ሳፋችን ገለበጥሁት። ከዚያ ጓደኛዬ ደረቅ እንጀራ በሽሮ እየበላች እያየችኝ፣ ከሳፋው ላይ ብቻዬን በላሁ። እያለቀስሁ በላሁ፤ አንገቱን ሳይቀር ጋጥሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ጣፋጭ ነበር።

ወሬው ከአባቴ ቀድሞ አገር ቤት ደረሰ። ሽማግሎቹ ዳግመኛ አልመጡም፤ ከእነሱም በኋላ የመጣ የለም። እኔ ተማርሁ፣ አስተማሪ ሆንሁ፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ ቤት ሠራሁ። የእኔ ቢጤ ልጆች ዛሬ «መምህር» ብለው ይነሱልኛል። አባቴ ግን ቤቴ ሲመጣ ሽሮ ብቻ ነበር የሚበላው። በኋላ እርጅና ሲያለዝበው ሥጋ መቅመስ ጀመረ፤ ያውም ጎረቤት ጠርቼ ደጃፍ ላይ፣ ዓይኑ እያየ ካሳረድሁ ብቻ። ከመጉረሱ በፊት እንደገና ይጠይቃል፤ «ማን ባረከው?» ይላል። ልክ እንደ በስመ አብ።

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔ ጋ ጠቅልሎ መጣ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። በዚያ ዓመት የገና ጠዋት ዶሮ አንጠልጥዬ እንደ ልማዴ የግቢው በር ላይ ቆምሁ። ወንዶች ነጭ ለብሰው ወደ ቅርጫቸው ያልፋሉ። አንዱን «ወንድሜ» ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ በሩን ዘጋሁትና ወደ ጓሮ ዞርሁ።

ከሰዓት በፊት ሌማቱን ፊቱ አቀረብሁ። ፈረሰኛውን እጁ ላይ አስያዝሁት።

«ማን ባረከው?» አለኝ።

«ጎረቤታችን ናቸው አባቴ። ይብሉ።»

ጎረሰ። ቀስ ብሎ አላመጠ። አሁንም ሲጣፍጠው አያወራም፤ ያን ዕለት ግን አወራ።

«ያኔ ሽሮ አብዝተሽበት ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን በአፉ ሲያነሳው የመጀመሪያው ነበር። እንጀራ ጨመርሁለት። አጥንቱን ግጦ ሲጨርስ የማያይ ዓይኑን ወደ ደጁ መለሰና፣ ለዚያ በሩ ላይ ላልቆመ ሰው ምርቃቱን ላከለት።

«እጁ ይባረክ» አለ።

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ «አሜን» አልሁ።