ወንድሜ ለሁለት የሰነጠቀው ሳንቲም

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ከአንድ የብረት በር መሥሪያ በላይ ባለች ጠባብ ምስራድ፣ ማለትም ቢሮ ውስጥ፣ የራሳችንን ዲጂታል ሳንቲም ሠራን። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ሰው ይሰበስብ ነበር፤ ሻአሪያ ሰፈር ካሉት ጎረቤቶቻችን ጀምሮ እስከ አጎታችን ድረስ ፕሮግራሙን በስልካቸው ጫነላቸው። ምስጋናውን ሁሉ የወሰደውም እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ኮዱ ውስጥ ስህተት አገኘሁ። ተንኮለኛ ከደረሰበት ከምንም ተነስቶ ሳንቲም መፍጠር ይችላል። ስህተቱ የእኔ መሆኑን አልደበቅኩትም። ይህን ዘግተን ከመጀመሪያው እንሥራ፣ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ወደ አዲሱ እናዛውርለት አልኩት። እሱ ግን ሃርድ ፎርክ ነው የሚያዋጣው አለ፦ በአንድ ቀን ሕጉን እንቀይራለን፣ ሁሉም አዲሱን ፕሮግራም ይጭናል። ያልጫነ ሰው ግን በአሮጌው ሕግ ይቀራል፤ ሳንቲሙም ለሁለት ይሰነጠቃል።

"ግማሹ ሰው ዕብራይስጥ አያነብም፤ መልእክትህን ማን ይረዳልሃል?" አልኩት።

"አንቺ ሰው አታውቂም። ኮድሽን ጠግኚ፣ ሰውን ለእኔ ተይው።"

ጠገንኩት። ለምን እንደታዘዝኩት ዛሬም አይገባኝም።

ቀኑ ሲደርስ መልእክቱን በዕብራይስጥ ብቻ ላከና በሰደር፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ጥቂቶች ጫኑ። ብዙዎቹ አጭበርባሪ የላከው መስሏቸው አጠፉት።

በሳምንቱ አጎታችን ደረጃውን በቀስታ ወጥተው መጡ። ለዘመዳቸው የላኩት ሳንቲም አልደረሰም፤ እሳቸው በአሮጌው፣ ዘመዳቸው በአዲሱ ነበሩ። ወንድሜ ፈገግ እያለ አሁኑኑ እጭንልዎታለሁ ብሎ ስልካቸውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"የእርስዎን ያበላሸው እሱ ነው፣ አጎቴ" አልኩ። እሱን ማዋረድ ፈልጌ ነበር።

አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ። "መጀመሪያ የተበላሸውስ በማን እጅ ነው?"

በእኔ ነው አልኳቸው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ሁለታችንንም ሳይሰናበቱ ወረዱ።

እኔም በዚያው ቀን ኮምፒውተሬን ይዤ ወጣሁ። ኤን ጋኒም ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ አዲስ ሳንቲም ከባዶ ጀመርኩ። የበፊቱ ስህተት የለበትም፤ ሦስት ጊዜ መርምሬዋለሁ። ከድሮዎቹ ሰዎች ግን አንድም የጫነው የለም፤ አጎቴም እምቢ አሉ።

ከወራት በኋላ ወንድሜ በስልኬ ጻፈልኝ። "ሰው አልመጣልሽም፣ አይደል?"

እውነቱን መናገሩ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።