ለዝይ የተቆረሰ እንጀራ

በልጅ መኩራራት ደግ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን ዛሬ ልኩራራ ነው፤ የማይወድ ይለፈው።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ከኋላው ኩሬ አለው። ከጣሪያውና ከመኪና ማቆሚያው የሚወርደው የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ኩሬ ነው። ኢስተን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ስመለስ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ አረፍ እላለሁ። የግቢያችን ሐበሻ የሚገናኘው እዚያ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች የምንሰማው እዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት በጋ ኩሬው አረንጓዴ ነገር ለበሰና ሸተተ። ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። ከአፓርታማው ቢሮ ሰውዬ መጥቶ፣ እስከሚቀጥለው በጋ ካልተሻሻለ ወንበሮቹ ተነስተው ዙሪያው በሽቦ ይታጠራል አለን። ደሜ ፈላ። ሌላ የት ሄደን ነው የምንቀመጠው?

ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ትማራለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የውሃውን ጥራት ልትለካ ነጭ ሳህን በገመድ አስራ ኩሬው ውስጥ ሰደደችው፤ ገና እንደገባ ከዓይን ጠፋ። ውሃውንም በጠርሙስ ቀድታ ወስዳ መረመረችው።

"እማ፣ ኢትስ ዘ ብሬድ" አለችኝ፤ ዳቦው ነው ማለቷ ነው።

ውሃው ውስጥ የሚበሰብሰው ምግብና ኩሬው ላይ የሚውሉት ዝዮች ኩስ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር እየቀለበው ነው። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ያልቃል።

ዝዮቹን ማን እንደሚቀልባቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል። ከበላያችን የሚኖሩት ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። የየቤቱን ትራፊ እንጀራና ዳቦ በፌስታል ሰብስበው ጠዋት ጠዋት ይበትኑላቸዋል። እህል ቆሻሻ ላይ አይጣልም፣ ሀጢአት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ፌስታላችንን ለጋሼ አስረክበን ከህሊናችን ጋር በሰላም እናድራለን።

"ጋሼ፣ ይተዉ እንጂ፣ ኩሬው ሊዘጋብን ነው" አልኳቸው።

"እና እህሉን ጋርቤጅ ውስጥ ልድፋው? አንቺ ትደፊዋለሽ?"

ፌስታሌን አስረክቤያቸው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ልጄ ግን ሌላ ቀን ቤታቸው ይዛኝ ወጣች። ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ሞልታ፣ እዚያው ፊታቸው እንጀራ ቆርሳ ጨመረችበትና ዘግታ መስኮታቸው ላይ አኖረችው። ከሰነበተ በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት። አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ።

"ገባኝ፣ ልጄ። እሺ፣ እህሉስ?"

ይህን ጊዜ ከበሩ ውጪ አስቀምጣው የነበረውን ክዳን ያለው በርሜል እየጎተተች አስገባች። ከታች አፈርና ደረቅ ቅጠል ነበረበት።

"ጋሼ፣ እዚህ ይግባ። ቀስ ብሎ አፈር ይሆናል። ጎመን... ጎመን እንተክልበታለን። አይጣልም" አለች። እየተንተባተበች፣ ግን በአማርኛ።

እኔ ጋሼን ግትር ነበር የምላቸው። እሷ ግን የፈሩት ለዝዮቹ ሳይሆን ለእህሉ መሆኑ ገብቷታል። ስለ እህል ክብር ቁጭ አድርጌ አስተምሬያት አላውቅም፤ የምናገረው ሁሉ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ደስታው ደረቴን ሞላው፤ እዚያው እልል ማለት አማረኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የኩሬው ፖሊስ ሆነዋል። ዳቦ የሚወረውር ካዩ ፈረንጅ ነው ሐበሻ አይሉም፣ ይቆጣሉ። ልጄ ደግሞ ሣር አጫጆቹን ለምና የዳሩን ሣር ሳያጭዱ እንዲተዉት አደረገች። ዝይ ረጅም ሣር ስለማይወድ ብዙዎቹ ሄዱ። ዘንድሮ ሳህኗን ስትሰድ፣ ዳር ዳሩ ጋ ከውሃው ሥር መሬት ነክቶ ተቀምጦ በዓይኔ አየሁት።

በቀደም የቢሮው ሰውዬ የአጥር ብረት በመኪና ጭኖ መጣ። ወርዶ ውሃውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያም አብረውት የመጡትን ሠራተኞች ብረቱን አታውርዱ አላቸው።

"ሁ ዲድ ዚስ?" ብሎ ማን እንደሠራው ጠየቀን።

ልጄ ጋሃና የሚባለው ሰፈር ሥራ ላይ ነበረች። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ፤ ደረታቸውን ነፍተው "ማይ ዶተር!" አሉት፤ የኔ ልጅ ናት ማለታቸው ነው።

እናቷ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አላረምኳቸውም።