በእኔ ክንድ የተለካው እጀታ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ በሰው ገላ ነው የሚለካው። ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያኔ እጁ ደህና ነበር። ቀኝ እጅህ ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር ጋ ይይዛል፣ የእጀታው ጫፍ ደግሞ ከክንድህ ሥር አልፎ ክርንህን በአንድ ጋት ይበልጣል። ካጠረ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት አንጓህን ያጥፈዋል፤ ከረዘመ ጎንህን ይወጋሃል። ውፍረቱም እንደዚሁ ነው፤ ጣቶችህ ዙረው መዳፍህን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ያ ልክህ ነው፣ ይል ነበር። እኔም ትምህርቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ችግሩ በቃል መያዜ ነው።

ዘንጉን ያገኘው የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሹፌር ሳለ ነው። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ። አብረውት ጥቂት ፖፐር የሚባሉ ነገሮች ነበሩ፤ የአውራ ጣት ያህል የተቀቡ እንጨቶች፣ ፊታቸው ጎድጎድ ያለ፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ጷ! ጷ! የሚሉ። ትልቅ ዓሣ የሚበላ ነገር የወደቀ መስሎት ከሥር ይነሳል። ሰፈሩ ሁሉ «በእንጨት ዓሣ ሊያታልል ነው» ብሎ ሳቀበት። እሱ ግን ጎጀብ ወንዝ ዳር የሾላ ፍሬ ውሃ ላይ ጠብ ሲል ቢልጫ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ብቅ ብሎ ሲውጠው አይቶ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤታችን፣ ከቦንጋ፣ ወደ ጅማ በሚሄደው አውቶብስ ተሳፍረን የጎጀብ ድልድይ ጋ እንወርዳለን። እሱ ይወረውራል፣ እኔ አወራለሁ። ከመወርወር በቀር የሚያስደስተው ነገር አላየሁም፤ በሌላው ቀን ዝምተኛ ነው፣ ውሃ ዳር ግን ያፏጫል።

ከዚያ ዘመተ። እሱ ሰሜን ግንባር ሳለ ዘንጉን ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ሳይቸግረኝ አወጣሁትና እጀታውን በር ውስጥ ቀርቅሬ ሰበርኩት። ስባሪውን አልጋ ሥር ደብቄ፣ ሲመለስ እነግረዋለሁ እያልኩ ከረምኩ።

ሲመለስ የሱ ስብራት የኔን አስረሳው። ቀኝ ክርኑ ላይ ፍንጣሪ መትቶት ክንዱ እንደታጠፈ ቀርቷል። ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ አይዘጉም። ከኪሱ ብዙም አያወጣውም፤ ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ በትከሻው ሰላም ይላል። ማዕድ ላይ ጉርሻው ከጣቱ ሥር ሲያመልጠው ሁላችንም ሳናይ እናይ ነበር። እማዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ጓዳ ጠርታኝ፣ «እጁን አትየው፣ ይሳቀቃል። አትጠይቀውም ደግሞ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በቤታችን እንደ ይሉኝታ የተከበረ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው ቢታመም እንኳ የሕመሙን ስም ጠርተን አናውቅም።

ሰባት ወር ያህል ከግቢ አልወጣም። የመንጃ ፈቃዱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እኔ በዚያን ጊዜ ሺሺንዳ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራዬ መለካት፣ መቁጠር፣ መፈረም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦንጋ ስገባ አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እናደዳለሁ፤ ሲከፋኝ የምናደድ ሰው ነኝ። ወንድሜን ወደ ወንዙ ብመልሰው ወደ ራሱ ይመለሳል ብዬ ቆረጥኩ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ እጀታ ብቻ ነው አልኩ።

ከማንኪራ ማር የሚያመጣልን ሰውዬ አንድ ያረጀ የቡና ግንድ አመጣልኝ። የቡና እንጨት ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለው ሲገኝ ለከዘራ ይሻሙበታል። ሰውዬው አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ቢሆንም ከኔ የተሻለ ነገር ጠየቀኝ።

«ለማን እጅ ነው?»

«ለወንድሜ።»

«እሱስ የት አለ? ለዶማም እኮ ባለቤቱ ይያዘው እንላለን።»

«እንደኔው ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ነን» አልኩት።

እውነቴን ነው፣ ድሮ ሸሚዝ እንዋዋስ ነበር። ግን እንደዚያ ያልኩት ለዚህ አይደለም። ጋሼ የምለውን ወንድሜን «እስቲ ክንድህን አምጣና ልለካው» ማለት አልቻልኩም። ሰባት ወር ያላየሁትን እጅ በሜትር እንዴት አየዋለሁ? ስለዚህ ሺሺንዳ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የራሴን ክንድ ለካሁ። ከመዳፌ እስከ ክርኔ፣ ከክርኔ ደግሞ አንድ ጋት። እንጨቱን ለሁለት ሰንጥቄ፣ መሀሉን ቦርቡሬ፣ ዘንጉን አስገብቼ በኮላ ገጠምኩት። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ፈትጌ ጣቶቼ እንደልብ እስኪዞሩበት አቀጠንኩት። በመጨረሻ ሰም ቀባሁት። መስታወት መሰለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም።

ስሰጠው በግራ እጁ ተቀበለኝ። ረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ልክ ነው?» አልኩት።

«ልክ ነው» አለኝ። «እጅህ ይባረክ።»

የዚያን ዕለት እማዬ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

ኅዳር ላይ ውሃው ሲጠራ ወረድን። ከሾላው ሥር ቆመና ወረወረ። ፖፐሩ እግሩ ሥር ወደቀ። ደገመው፤ ትንሽ ራቅ አለ። ክንዱ ስለማይዘረጋ ረጅሙ እጀታ በወረወረ ቁጥር ጎኑን ይመታዋል፤ ዛሬ ሳስበው ግልጽ ነው። ያኔ ግን የቆምኩት ከኋላው ነበር፣ የማየውም እንጨቴን ነበር። እንደ አሰልጣኝ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ክንድህን ዘርጋ እንጂ!» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እንዲህ ነው ያለው፤ እሺ። ቢሳደብ፣ ቢመታኝ ምናለ እላለሁ እስከ ዛሬ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቅዳሜ ሳይቀር ሄድን። እኔ ዳነ ብዬ ለሰው አወራለሁ። ሸሚዙን የምታጥበው እማዬ በቀኝ ጎኑ በኩል ደም ታገኝ እንደነበር የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «አንተ ደስ ብሎህ ነበራ» አለችኝ። እሱም ዝም ያለው ለኔ ሲል ነው፤ እኔ ያልለካሁት ለሱ ስል ነው፤ እሷ ያልተናገረችው ለሁለታችን ስትል ነው። እንዲህ ተዛዝነን ነው የተጎዳዳነው።

ጥር ላይ ያ ዓሣ መጣ። ፖፐሩ ሁለቴ ጷ ብሎ ሦስተኛውን ሳይል ውሃው ተገለበጠ። የቢልጫው ጀርባ ክንድ ያህል ወጥቶ ሲገባ አየሁት። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ወንድሜ ያንን የድሮ ፉጨቱን አፏጨ፤ ከንፈሩ ላይ ሲጀምር ሰማሁት። ከዚያ ቀጭኑ፣ በሰም የተወለወለው፣ እርጥቡ እጀታ ሦስት ጣት ውስጥ እንዳለ ዞረ። በግራ እጁ ሊደርስበት ሞከረ። ጫፉ ጃኬቱ ውስጥ ተሰነቀረ፣ ጎኑን ወጋው፣ ተላቀቀ። ዘንጉ ድንጋዩን አንድ ጊዜ መታና ወንዙ ውስጥ ገባ።

እስከ ወገቤ ገብቼ ፈለግሁ። ምንም የለም። ስወጣ እንደቆመ ነው፣ እጁ አሁንም እጀታ እንደያዘ ከፊቱ ተቀስሯል። የተናገርኩትን ባልናገረው ኖሮ።

«ምነው አጥብቀህ ብትይዘው!»

«አጥብቄ ይዤው ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ወንዝ አልወረደም። ሌላ ዘንግ ከጅማ ላስመጣ ብዬ ስጠይቀው «ተወው፣ ሰለቸኝ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት፣ እንዲያውም ተቀየምኩት። ስንት ለፍቼለት ብዬ። ሺሺንዳ ቅዳሜን ማሳለፍ ጀመርኩ። ቦንጋ ስገባም ስለ ዝናብና ስለ መንገዱ ነበር የምናወራው። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

ሲሞት ሳምንት እንኳ አልታመመም። ትኩሳት ነው፣ ወባ ነው ተባለ፤ እኔ ስደርስ አልቋል። ገናዦቹ ሁለት ሽማግሎች ነበሩ። ሲያጥቡት አንደኛው «ልጄ፣ ና ቀኙን ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። ከግንባር ከተመለሰ ያንን እጅ ስነካው የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው እጁን ከጎኑ አስተካክለው ሊያስተኙት ክርኑን ጫን ሲሉ፣ «አይጫኑት አባቴ፣ እዚህ ድረስ ነው የሚሄደው» አልኳቸው። በሰው ፊት ስለዚያ እጅ ስናገር ገና ያኔ ነው።

አውራ ጣቶቹን ለማሰር ክር እስኪያመጡ ድረስ መዳፉን ይዤ ቆየሁ። ጣቶቹ ጭብጥ ሊሆኑ ሲሉ እንደቀሩ ናቸው። በመሀል የቀረውን ባዶ ቦታ አየሁት። የራሴን ጣቶች አስገባሁበት፤ ሦስቱ ገቡ፣ ጠበቅ ብለው። ለሱ እጅ የሚሆነው እጀታ ውፍረቱ ሦስት ጣት ነበር። ርዝመቱን ደግሞ ከመዳፉ እስከ ጎኑ በስንዝር ለካሁት፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጋት ነው። ሽማግሌው ምን እንደማደርግ አልገባቸውም፣ ግን አልከለከሉኝም። ሁለቱን ልክ ለመውሰድ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አይሞላም።