ፎቶ ውስጥ የገባው ተራራ

ኢዋላኒ ሞገድ ፎቶ ስታነሳ ከኋላ ያለውን ተራራ ታስቀራለች። በእኛ በሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ሕጉ ይኸው ነው፦ ሞገዱን አንሳ፣ ሞገዱን በሳንቃ የሚጋልበውን አንሳ፣ ተራራውን ግን እንዳታስገባ። ጫፉን ያየ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል፤ ካወቀ ደግሞ ሳንቃውን መኪናው ላይ ጭኖ ይመጣል። ለሚመጣ ሰው የምንሰጠው መልስ ጡጫ ነው። እኔም ሰጥቻለሁ፤ የሚገባው ስለሆነ ነው።

ኢዋላኒ ጠዋት ጠዋት ገበያ ውስጥ ዓሣ ትበልታለች። ከሰዓት በኋላ ካሜራዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ባሕር ትገባለች። ሞገድ ጎድኗን ሰብሯታል፤ ሲሻላት ተመልሳ ገባች። ከባሕር ስትወጣ ደግሞ የሞገድ ሳንቃ ሠሪው አጎት ካሄሌ ዘንድ ትሄዳለች። ሽማግሌው ሳንቃ የሚሆነውን ፎም ሲልግ እጆቹን ታነሳለች። የፎሙ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ሐኪም ተስፋ ቆርጦበታል፤ ከነዚያ እጆች የሚተርፈው እሷ ሳጥን ውስጥ ያለው ፊልም ብቻ ነበር።

መጽሐፏ ሲታተም ኮራን። ገጽ በገጽ አየነው፤ ተራራ የለም። ታላላቁ ሞገድ ሲመጣ ግን እንግዳው እንደ አንበጣ ወረደብን። የባሕሩ አለቃ ነኝ ባዩ ማኮዋ የአንዱን ጥርስ አረገፈ። የሰውየውን መኪና ሊያቃጥል ሲል ወንበሩ ላይ የኢዋላኒን መጽሐፍ አገኘ፤ አንድ ገጽ ታጥፏል። ገጹ ላይ ባለው ፎቶ ካሄሌ የሠራው አዲስ ሳንቃ እንደ መስታወት ያበራል፤ እላዩ ላይ የተራራችን ነጸብራቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማኮዋ መኪናውን አቃጥሎ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

በሩን በእግሩ ገንጥሎ ገባ። ካሜራዋን ከግድግዳ አላተመው፤ እሷን አፏ ላይ በቡጢ መታት።

«ሸጥሽን፣ አንቺ ዓሣ ቆራጭ!»

«አላየሁትም፣ ማኮዋ! የእናቴ አጥንት ይውጋኝ፣ አላየሁትም!»

የፊልሙን ሳጥን ነጥቆ ጋዝ አርከፈከፈበት። ክብሪቱን ሲያወጣ ካሄሌ ጩኸቱን ሰምቶ መጥረቢያ ይዞ እያሳለ ደረሰ።

«ፎቶው ላይ ያለው ሳንቃ የማን ነው?» አለው።

ሳንቃው የራሱ የማኮዋ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ የመናገር ወኔ ያለው ግን አልነበረም።

«እኔ ለማንም ሳንቃ አላብለጨልጭም። ‹አጎቴ፣ ፊቴን የማይበት አድርግልኝ› እያለ የነዘነዘኝ ማን ነው? የራስህ አሮብህ የሰው ታማስላለህ? እንካ መጥረቢያውን! መስበር ካማረህ ከራስህ ጀምር።»

ማኮዋ እጁን አነሳ። ሽማግሌውን ሊገድለው ነው ብዬ ደነገጥኩ። መጥረቢያውን መንጭቆ ወጣ፤ ሳንቃውን ከራሱ መኪና ጣሪያ ጎትቶ አውርዶ ሣሩ ላይ ከተፈው። እየጮኸ ከተፈው። ስንጣሪ ግንባሩን ቀደደው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንኳ አላቆመም። ክንዱ ሲዝል ስብርባሪው መሐል ተንበረከከ።

«አንሺኝ» አላት። «እንዲህ እንዳለሁ አንሺኝ።»

ኢዋላኒ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የነበረውን አሮጌ ካሜራዋን አመጣች። ከንፈሯ አብጧል። ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ መልሳ ዝቅ አደረገችው።

«ወደዚህ ዙር» አለችው፣ ደሟን ተፍታ። «ከኋላህ ተራራው ይገባል።»