እህል መስሏቸው

ከአየር ኃይሉ ግቢ ያወጡኝ ጠዋት ነው። እጄን አላሰሩም፤ የደጃዝማች ልጅ በመሆኔ አፍረው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ቢያስሩኝ ወሬው ስለሚበዛ ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሏ ጠባብ፣ ወለሏ አፈር ነው። የሽንትና የረጠበ ጭድ ሽታ ተቀበለኝ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ።

«ኖር፣ ጌታዬ።»

«በእግዜር፣ ይቀመጡ አባቴ።»

ተፍኪ አካባቢ የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው። ባለርስቱ መሬቱን ልቀቅ ሲላቸው እንቢ ብለው ነው የታሰሩት። ያ ባለርስት የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ቤታችን ሲጋበዝ አይቼዋለሁ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም። የጋቢያቸውን ግማሽ አፈሩ ላይ ዘረጉልኝ።

«እርስዎስ ምን አድርገው መጡ?»

ነገርኳቸው። አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። በድርቁ ዓመት፣ መኪና የማይደርስበት የቆላ መንደር ድረስ እህል እየጫንን ሄደን፣ ዝቅ ብለን ጆንያ እንጥል ነበር። በዓመቱ እዚያው መንደር ሽፍቶች ተሸሽገዋል ተባለና ቦምብ እንድጥል ታዘዝኩ።

«ከዚያስ?»

«የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ወጡ።»

«ሽፍቶቹ?»

«ሴቶችና ሕፃናት። ጨርቃቸውን እያውለበለቡ።»

«እህል መስሏቸው» አሉ ሽማግሌው።

«እህል መስሏቸው። አልፌያቸው ሄድኩና ሰው የሌለበት ገደል ውስጥ ጣልኩት።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ተባረክ።» ከዚያ ወዲያ እርስዎ አላሉኝም።

ከሰዓት በኋላ አባቴን የሚያውቅ አንድ ኮሎኔል መጣ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«አባትህ ታመዋል» አለኝ። «ነገሩ ቀላል ነው። የቦምቡ መልቀቂያ ዘግይቶብኝ ነው በል፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«የአውሮፕላኔ መካኒክስ?»

«እሱ ይጠየቅበታል። አንተ ምን አገባህ?»

መካኒኩ አዲስ ሙሽራ ነበር። ከመነሳቴ በፊት የአውሮፕላኑን መስታወት በገዛ ሸሚዙ ሲወለውልልኝ ትዝ አለኝ። አባቴም ትዝ አለኝ፤ ብቻውን አልጋ ላይ። ቤቴ መግባት በጣም አማረኝ።

«መልቀቂያው ደህና ነበር» አልኩ። «እያወቅሁ ነው ያሳለፍኳቸው።»

«እንደ ሕፃን አትሁን።»

«አባቴን ደህና ነው ይበሉልኝ።»

ኮሎኔሉ ጥቂት አየኝና ሄደ። ተመልሼ ጋቢው ላይ ቁጭ አልኩ።

አመሻሹ ላይ ዘበኛው ለሽማግሌው ከቤት የመጣ ቂጣና በጣሳ ውሃ አስገባልን። ሽማግሌው ሊያስታጥቡኝ ሲነሱ ጣሳውን ቀድሜ አነሳሁት። በአባቴ ቤት ሰው ሲያስታጥበኝ እንጂ ሳስታጥብ አላውቅም። ጣሳውን አብዝቼ አዘንብዬ ግማሹን ውሃ እግራቸው ላይ ደፋሁት።

«ቀስ» አሉ እየሳቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። ታጥበው ሲጨርሱ ጣሳውን ተቀብለው እኔን አስታጠቡኝ። ቂጣውን ለሁለት ቆረሱት።

በማግስቱ ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩኝ። ማዕረጌን ገፈፉኝ፣ ዓመታትም ታሰርኩ፤ የአባቴን ቀብር አልደረስኩም። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ቢፈቱም መሬታቸውን ተነጥቀው ነበር። ስፈታ ቡራዩ፣ ልጃቸው ቤት ሄጄ አገኘኋቸው። እስኪያርፉ ድረስ ከልጆቻቸው እንደ አንዱ ቆጠሩኝ።

አሁን የምኖረው ሱሉልታ ነው። መብረር ይናፍቀኝ እንደሆነ የሚጠይቀኝ አለ። ይናፍቀኛል። መካኒኩ በየበዓሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ኮሎኔሉ የመጣ ቀን ስሙ መነሳቱን አያውቅም፤ አልነገርኩትም። ስለ ወገቡ ሕመም ሲያማርር፣ የልጅ ልጆቹ እየጮሁ ግቢዬን ሲዞሩ፣ ጎደለብኝ የምለው ነገር ይጠፋኛል።