የእኔን ጎማ ለእንግዳ

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የማስቀድመው፣ ታሪኩን ስነግራቸው ሰዎች ቶሎ እሱን መስደብ ስለሚጀምሩ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ይሄኔ ወጥቶልኝ ነበር።

ቄራ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ካርት እንሠራለን። ካርት ማለት ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ ጣሪያም በርም የሌላት ትንሽ የውድድር መኪና ናት። ሞተሩና ብየዳው የእሱ ነው፤ ጎማው የእኔ ነው። ነጂዋም እኔ ነኝ። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው።

የምንወዳደረው ካዛንቺስ ቤቶቹ ፈርሰው ግንባታ ሳይጀመርበት በቆየ ሜዳ ላይ ነበር። ሮለር የዳመጠው አፈር ነው። ጠዋት ውሃ ይረጩበታል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይደርቅና እንደ ተወለወለ ሲሚንቶ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ አዲስ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ይንሸራተታል። የሚይዘው ለስላሳና ጥርሱ ያለቀ ጎማ ነው። በማጣሪያው ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ወጥቶ ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሚነዳው፤ ፈጣኑ በዋናው ውድድር ከፊት ይነሳል። ስለዚህ ጎማው ገና ሲወጣ መያዝ አለበት። እስኪግል የሚጠብቅሽ የለም።

ያን ሳምንት መስቀል ፍላወር ካለው የሆቴል ሥራዬ ስመለስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነበር የምገባው። አሮጌዎቹን ጎማዎች በአውራ ጣቴ ጥፍር እየተጫንኩ የጥፍሬ ምልክት የታተመባቸውን አራት ለስላሶች መረጥኩ። የተቃጠለውን ላያቸውን በግራይንደር ገፈፍኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፤ ማለስለሻ ቀብቼ በላስቲክ ጠቀለልኳቸው። በማግሥቱ ፈትቼ እንደገና ቀባሁ። የኋላዎቹን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ፤ የቀኙ ከግራው ትንሽ ሲተልቅ ካርቷ ወደ ግራ መታጠፍ ይቀላታል። እጄ ተላላጠ። ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ስለሆንኩ አለቃዬ «እጅሽን ከጠረጴዛው በታች አድርጊ» አለችኝ።

እሑድ ሜዳው ላይ ስደርስ ካርቷ ላይ የተገጠሙት አዲሶቹ ጎማዎች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ያዘጋጀኋቸው የት አሉ?»

አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። «ለእንግዳው ሰጠኋቸው። ሰውየው ጀማሪ ነው፣ ቢንሸራተት ያፍራል። አንቺ፣ ማለቴ፣ በየትኛውም ጎማ ትነጂያለሽ።»

እንግዳው ደምበል አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው። ከእኛ ካርት ገዝቶ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወዳደር ነበር። ጋሼ ወዳጅነቱን ይፈልገዋል።

«ጠይቀኸኛል?»

«በጎማ ልንጣላ ነው? የቤታችን ዕቃ አይደለም እንዴ?»

የቤታችን። በቤታችን ለእንግዳ የሚለቀቀው ሁልጊዜ የእኔ ነው፤ አልጋዬም፣ ክፍሌም፣ አሁን ደግሞ ጎማዬ። የጋሼን አዲስ ሄልሜት ግን ማንም አልነካበትም፤ ከመኪናው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። የሰው ዕቃ አንስቶ ሰጥቶ ደግ መባል ቀላል ነው።

የጎማ መፍቻ አንስቼ ወደ ሰውየው ሄድኩ። ካርቱ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እነዚህ ጎማዎች የእኔ ናቸው» አልኩት።

«ወንድምሽ ትርፍ ናቸው ብሎኝ እኮ ነው። እኔ ልዙርና ከዚያ ትወስጃቸዋለሽ።»

«አንዴ በደንብ ከጋሉ በኋላ እንደ መጀመሪያው አይዙም። ያዘጋጀኋቸው ለዛሬው ማጣሪያ ነው።»

ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመርኩ። ጋሼ እየሮጠ መጣ። ሰዉ እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«ጎማዬን እየፈታሁ።»

«አታሳፍሪኝ።»

«ራስህን ያሳፈርከው ራስህ ነህ። ትርፍ ነው ያልከው አንተ ነህ» አልኩት፤ ድምፄን አልቀነስኩም። በአካባቢው የነበረው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሰውየው ከካርቱ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል፤ የተቆጣ ግን አይመስልም። «የሷ ከሆነማ ትውሰድ» አለና ጎማውን እንድፈታ ካርቱን ከኋላ በገዛ እጁ ብድግ አደረገልኝ። የእኔን ወደ ካርቴ፣ አዲሶቹን ወደ እሱ ካርት ቀያየርኩ፤ ጋሼ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየን እንጂ አላገዘኝም።

ተራዬ ሲደርስ ንዴቱ ገና አልለቀቀኝም ነበር። መሪውን አንቄው ነበር የያዝኩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፈጥኜ ገብቼ ወደ ውጭ ተንሸራተትኩ፤ ከጎማ በተሠራው አጥር ለጥቂት ተረፍኩ። በሚቀጥለው ዙር ትከሻዬን ላላ አደረግኩ። ጎማው መሬቱን ሲነክስ በወገቤ ተሰማኝ። በማጣሪያው ሁለተኛ ሆንኩ። ሰውየው በአዲሶቹ ጎማዎች ወጥቶ ተሽከረከረና መጨረሻ ሆነ፤ እየሳቀ ነው የወረደው። በዋናው ውድድር ጎማዎቼ ከመጠን በላይ ግለው ስለከዱኝ አራተኛ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ ቀድማ ሰምታ ጠበቀችኝ።

«ወንድምሽን በሰው ፊት አዋረድሽው።»

«የለፋሁበትን አንስቶ ሲሰጥስ?»

«ታላቅሽ ነው። ጎማ ይገዛል።»

ምን ብዬ ላስረዳት? የሚገዛው ጎማ እኮ የሚንሸራተተው ነው። የያዘውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው ጓሯችን ውስጥ፣ እሷ በመስኮት እያየችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው እኔ ጎማ አመራረጥ እንዳሳየው በጋሼ በኩል ጠይቆ ነበር። ጋሼ ግድግዳውን እያየ ነገረኝ። «ስልኬን ስጠውና ራሱ ይደውልልኝ» አልኩት። ሰጥቶት እንደሆነ አላውቅም፤ የደወለልኝ ግን የለም። አሁን ጎማዎቼን አልጋዬ ሥር ነው የማስቀምጣቸው። እማዬ ክፍሉ ሸተተ ትላለች። እኔና ጋሼ እዚያችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንሠራለን፤ ከመፍቻና ከብሎን ያለፈ ቃል ግን አንለዋወጥም።

ይቅርታ እንድጠይቀው እማዬ ሽማግሌዎች ልትልክብኝ ነው አሉ። ይምጡ። ወንበር አቀርብላቸዋለሁ፤ የተላላጠ እጄንም አሳያቸዋለሁ። ይቅርታው ግን ከእኔ አይጀምርም።